ከሞተር የሚመጣ የተቃጠለ ሽታ፦ ምንጩን መለየትና ማስተካከል

መኪና የተቃጠለ ነገር መሽተት ሲጀምር ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ዕቃ ግዢ ይሮጣል። ሽታውን ሳይለይ ጓርኒሲዮን (ፍሳሽ የሚከለክል ማሸጊያ) ያዘዘ ሰው፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ሲደርስ ችግሩ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል) ሆኖ ያገኘዋል። ገንዘቡም ቀኑም ባከነ። ዘይት፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ሽቦና ቺንጋ (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ) ሲቃጠሉ የየራሳቸው ሽታ ስላላቸው፣ አፍንጫ፣ የእጅ ባትሪና ትዕግሥት ካለ አብዛኛውን ብልሽት አንድም ብሎን ሳይፈታ መለየት ይቻላል።

ሽታው እንደመጣ

ሁለቱንም ፍሬቻ አብርተው ከመንገድ ይውጡ። ሜዳ ቦታ ይምረጡ። ደረቅ ሣር ላይ ግን አይቁሙ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ሣር ያነዳል። ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት በአንድ እይታ የሙቀት መለኪያውንና የዘይትና የባትሪ መብራቶቹን ይመልከቱ፤ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ይህ መረጃ አይገኝም። ከዚያ ያጥፉ።

ከኮፈኑ ሥር ጥቁር ወይም ወፍራም ጭስ ከወጣ፣ ወይም የእሳት ብልጭታ ከታየ ኮፈኑን ወለል አድርገው አይክፈቱ። የገባው አየር እሳቱን ያቀጣጥለዋል። ተሳፋሪ ያውርዱ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካለ ኮፈኑን በመጀመሪያው መቆለፊያ ብቻ ለቀቅ አድርገው በክፍተቱ በኩል ይርጩ። በዘይትና በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ እየነደደ ይሰራጫል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሸተተዎት ደግሞ ቁልፍም ሆነ መብራት እንዳይነኩ፤ በእግርዎ ይራቁ፣ መኪናው በጉተታ ይሂድ።

እሳት ከሌለ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት። ፊት ለፊት በራዲያተሩ በኩል ያሽትቱ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ጎንበስ ይበሉ፣ ከዚያ ሾፌሩ በር ሥር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ባለበት አካባቢ፣ በመጨረሻም ማርሚታው ጋ። ሽታው በጣም የሚበረታበት ቦታ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል። ነፋስ ካለ ሽታው ሁሉ ከአንድ ጎን የመጣ ሊመስል ስለሚችል ወደ እያንዳንዱ ቦታ ተጠግተው ያሽትቱ።

ሽታዎቹ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጥበሻ ላይ ተረስቶ ያረረ ዘይት ይሸታል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሰማያዊ የሚቀላቅል ስስ ጭስም ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ የሚበረታው መኪናው ሲቆም ነው፤ እየሄደ ነፋሱ ይወስደዋል። ኩላንት የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ጣፋጭ ሽታ አለው። ፍሪሲዮን እንደተቃጠለ ካርቶን ነው፣ የሚመጣውም ዳገት ላይ ወይም ጭቃ ውስጥ ሲታገሉ ነው። ፍሬን ከፍሪሲዮን ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ልዩነቱ ከቁልቁለት በኋላ መምጣቱና ጎማ አጠገብ መበርታቱ ነው። ሽቦ ሲቃጠል የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ቺንጋ ሲንሸራተት የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ደግሞ ዘይቱ ሲቃጠል ጎምዛዛ ሽታ ያመጣል፤ መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ካረረ መኪናውን መንዳት ያቁሙ።

ዘይት፦ አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታው ክዳን ነው

ያረጁ ቶዮታዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው የብረት አካል) እና በላይኛው ክዳን መካከል ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን ለዓመታት በሙቀት ይደርቃል፣ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል፣ ከዚያ ዘይት ያሳልፋል። ዘይቱ ወርዶ የሚያርፈው ከታች ባለው የጭስ መውጫ ብረት ላይ ነው። ብረቱ ጭነት ላይ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ከ200 ዲግሪ ጥቂት እንዳለፈ የሚነድ ተን ያወጣል። ስለዚህ ጥቂት ጠብታም ጋቢናውን በተቃጠለ ሽታ ትሞላለች፤ የፈሰሰው ሲበዛ እሳት ያስነሳል።

ክዳኑን ከመፍታት በፊት ማረጋገጥ ግድ ነው። የቀዘቀዘውን ሞተር በጨርቅና በማጽጃ ያጽዱ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ በተጠረጠረው ጠርዝ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስነስ ያድርጉ። ሞተሩን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስነስተው ያቆዩና አጥፍተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ዘይት ያሳለፈው ቦታ ነጩ ዱቄት ላይ ጠቁሮ በግልጽ ይታያል። የሚፈለገው የረጠበው ከፍተኛ ቦታ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የፋን ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ አይቶ የካርተሩን (የታችኛውን የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን የሚቀይር ሰው ሥራውን ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምራል።

ዱቄቱ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ከጠቆረ እንዲህ ይሠራል፦

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ያውልቁ። የሚያስፈልገው 10 ቁልፍ (ለአብዛኞቹ ትንንሽ ቶዮታዎች)፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን፣ ለዚያው ሞተር የተሠራ ጓርኒሲዮን፣ የካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ጉድጓድ ጎማዎችም ለብቻ የሚሸጡ ከሆነ እነሱም ናቸው። ባለ አራት ሲሊንደር ላይ አራት ናቸው።

2. በክዳኑ ላይ የሚያልፉትን ሽቦዎችና ቱቦዎች ከመንቀልዎ በፊት በናስትሮ (በሚጣበቅ ፕላስተር) ቁጥር ይስጧቸው፣ በስልክም ፎቶ ያንሱ።

3. ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ እያቀያየሩ በትንሽ በትንሹ ይፍቱ። ክዳኑ ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ያድርጉ። ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ አሉሚኒየሙን ይሸረክታል፣ የተሸረከተ ጠርዝ ደግሞ በአዲስ ጓርኒሲዮንም ማፍሰሱን አይተውም።

4. ክፍት ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑና አሮጌውን ጎማና ሲሊኮን ይፋቁ። ያስገቡትን ጨርቅ ይቁጠሩ፣ ሲጨርሱም ቆጥረው ያውጡ።

5. ጓርኒሲዮኑን በደረቁ ቦታው ላይ ያስገቡ። ሲሊኮን የሚደረገው ቴስታታውና የፊት ክዳኑ በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ብቻ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ነጠብጣብ ትበቃለች። ዙሪያውን መቀባት እዚህ የተለመደ ስህተት ነው፤ የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርጦ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል፣ ያኔ ጓርኒሲዮን መቀየር የነበረው ሥራ ሞተር መክፈት ይሆናል።

6. ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ዙር ያጥብቁ። የመጨረሻው ጥብቀት ለአብዛኞቹ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ በአጭር ቁልፍ፣ በጣቶች ኃይል ብቻ። ረጅም እጀታ ከተጠቀሙ ብሎኑ ይበጠሳል ወይም ክዳኑ ይሰነጠቃል።

7. ሲሊኮኑ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ይድረቅ። ከዚያ አስነስተው በዱቄት እንደገና ይፈትሹ።

በዚሁ ክዳን ላይ የምትገኘውን ፒሲቪ ቫልቭ ሳያዩ እንዳይዘጉ። አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ሲነቀንቋት ቂጭቂጭ ማለት አለባት። ዝም ካለች ተዘግታለች፤ የሞተሩ የውስጥ ግፊት መውጫ ስለሚያጣ አዲሱን ጓርኒሲዮንም በጥቂት ሳምንት ገፍቶ ያፈሳል። «ቀየርን፣ ተመልሶ አፈሰሰ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህች ትንሽ ዕቃ የሚነሳ ነው።

ዱቄቱ ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ ከታች ከሆነ የዘይት ፊልትሩን ይመልከቱ። አሮጌው ፊልትር ሲወጣ ክብ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ላይ ይታሰራል፤ ሁለት ጎማ ስለተደረበ ግፊት ሲመጣ ይተፋል። ሽታው ዘይት በተቀየረበት ቀን ብቻ ከጀመረና የሚያፈስ ነገር ካልተገኘ ግን ሲሞላ የፈሰሰው ነው፤ በአንድ ሁለት ጉዞ ተቃጥሎ ያልቃል።

ኩላንት፦ የጅማ ከፍታና የራዲያተር ክዳን

ይህ ክፍል ለዚህ አገር መኪና ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (የኩላንቱን መንገድ በሙቀት የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ይከፈታል፣ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ90 በላይ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ፋኑ ገና ሥራውን ሳይጀምር ውሃው ሊፈላ ይችላል። ጤነኛ ክዳን 0.9 ወይም 1.1 ባር ይይዛል፤ ቁጥሩ በራሱ ላይ ተጽፏል፣ በዚያ ግፊት ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሞተር ሂት ሲያደርግ ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል የተለመደ ነው፤ ይህ ሞተሩን ሳይሞቅ ያሠራዋል፣ ነዳጅ ያስበላዋል፣ ፍሳሹን ግን አያቆምም። ክዳኑን መቀየር ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ከእሱ ይጀምሩ።

ሞተሩ ጋል ብሎ እያለ ክዳኑን በፍጹም አይንኩ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የላይኛውን ጎማ ቱቦ በጨርቅ ጨምቀው ግፊት እንደሌለው ያረጋግጡ፣ ከዚያ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት። ፊስ የሚለው ሲያቆም ይክፈቱ። የክዳኑ ታችኛ ጎማ ተሰንጥቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ከሆነ ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ ይግዙ።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታን ይሰነጥቃል ወይም ያጎብጣል። ቀዝቅዞ ሲሞሉ ኩላንትና ንጹሕ ውሃ እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። በንጹሕ ውሃ ብቻ የሚነዳ መኪና ጣፋጩን ሽታ አይሰጥም፤ ምልክቱ የእንፋሎትና የጋለ ብረት ሽታ ስለሆነ ብዙዎች ሳያውቁት ያልፋሉ። ሞልተው ሲጨርሱ ክዳኑን ክፍት ትተው፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ሙቅ ላይ አድርገው ሞተሩን በራሱ ዙር ያሠሩ፤ የላይኛው ቱቦ ሙቅ እስኪሆንና አረፋው እስኪያቆም። በውስጥ የቀረ አየር በማግስቱ ሂት ያስደርጋል።

ፍሳሹን የሚፈልጉባቸው ቦታዎች፦ የቱቦዎቹ ጫፍ ከፋሼታው (ከቱቦ ማሰሪያው) ሥር፣ የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ (ከዚያ ካንጠባጠበ ፓምፑ ይቀየራል)፣ የራዲያተሩ የፕላስቲክና የብረት መጋጠሚያ። ሽታው ጋቢና ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ የፊት መስታወቱ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነና ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ናት። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ልጅም ሊቀምሰው ይችላል፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሳያጥቡ አይሂዱ።

ክረምት ላይ ከገጠር መንገድ የተመለሰ መኪና ራዲያተሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ቡና በሚፈለፈልበት ግቢ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ገለባና አቧራ ይሰበስባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ይጠቡ። የላቫጆ ፓምፕ ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

መለኪያ ዘንጉ ላይ ማኪያቶ የሚመስል ዘይት፣ ከማርሚታው የማያቆም ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ ካዩ ኩላንት መጨመር አይበቃም፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና ከሥሩ ባለው የሞተር አካል መካከል ያለው) ተቃጥሏል። ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ።

ፍሪሲዮንና ፍሬን

ፍሪሲዮን የሚቃጠለው ግማሽ ሲረገጥ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን መያዝ፣ ጭቃ ውስጥ ደጋግሞ ማስጮህ፣ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት ሸራውን (የሚፋተገውን ንጣፍ) ይጨርሱታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሸተተ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ሊተርፍ ይችላል። መንሸራተቱን ለማወቅ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ስበውና በቀኝ እግር ፍሬን ረግጠው ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይሞክሩ፤ ራሱ ፈተናው ያቃጥላል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት የፔዳሉን ባዶ እርምጃ በእጅ ይለኩ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምንም ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ስለሆነ ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። መቀየር ካለበት ሸራውን፣ የሚጫነውን ዲስክና ኩሽኔታውን በአንድ ላይ ይቀይሩ፤ ዋናው ወጪ ካምቢዮ ማውረዱ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግድ ጎማ) ካፈሰሰ አብሮ ይቀየር። ዘይት የነካው አዲስ ሸራ ወዲያው መንሸራተት ይጀምራል።

ከሶኮሩ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ፍሬንን ይፈትናል። ቁልቁለቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት፤ ፍሬን ረገጥ አድርጎ ፍጥነት መቀነስና መልቀቅ እንጂ ሙሉ መንገዱን ተጭኖ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፣ የፍሬን ዘይቱንም አፍልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርጋል። ፍሬኑ ከሸተተ አቁመው ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ፤ የጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን መሳብ ሸራውን ያጣብቃል። ሲነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ያንሱ። ከኋላዎ በጨለማ የሚመጣ ሞተረኛ ያንን ድንጋይ አያየውም።

ከአራቱ አንዱ ጎማ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ተይዟል። ቸርኬውን ሳይነኩ የእጅዎን ጀርባ አስጠግተው ያወዳድሩ። መኪናውን በሜዳ ላይ በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ ያዙሩ፤ ካልዞረ በዚያ ጎማ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ይፍቱ። ዘይት ተፍቶ ጎማው ከተለቀቀ የተዘጋው የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው ወይም ዋናው ፓምፕ ነው። ካልተለቀቀ ፒስተኑ ወይም ተንሸራታች ፒኖቹ በዝገትና በጭቃ ተይዘዋል፤ አውጥተው ያጽዱና ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ተራ ግሪስ የፒኖቹን የጎማ መሸፈኛ ያሳብጠዋል። ብሎኗን መልሰው ካሰሩ በኋላ አየር አስወጥተው ዘይቱን ሳይሞሉ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

ሽቦ

የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። አጥፍተው በ10 ቁልፍ የባትሪውን ነጌቲቭ በመጀመሪያ ያውልቁ። ከዚያ የሚፈለገው በኋላ የተጨመረ ነገር ነው፦ ጭጋግ መብራት፣ አምፕሊፋየር፣ አላርም። ያለ ፊውዝ ከባትሪ በቀጥታ የተወሰደ ሽቦ ቆዳው ሲላጥ ኮንታክት ያደርጋል፣ የሚያቆመውም የለም። ፊውዙ ከባትሪው በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ ቦታ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር መሙላት መኪናውን ለእሳት ማዘጋጀት ነው፤ 15 አምፔር የነበረው በ15 ይተካ፣ ደግሞ ከተቃጠለ ምክንያቱ ይፈለግ። የፊት መብራት አምፖልም እንዲሁ ነው። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ 100 ዋት ከ8 ስለሚያልፍ ሶኬቱን ያቀልጣል።

ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ15 ካለፈ የዲናሞው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። የተላጠ ሽቦ ሲቀጥሉ በስታኞ ይበየዱና በሙቀት የሚጠብቅ ልባስ ያልብሱ፤ ሞተር አካባቢ የናስትሮ ማጣበቂያ በሙቀት ቀልጦ ይፈታል።

ቺንጋና የቀሩት

የቺንጋ ሽታ ብዙ ጊዜ ከጩኸት ጋር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በረጅሙ ክፍል መሃል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል መጉበጥ አለበት። ጥብቀቱ ልክ ሆኖ ከሸተተ ቺንጋውን አውልቀው የሚያዞራቸውን ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ ያዙሩ፤ የተያዘው ኩሽኔታ ራሱን ያሳውቃል። ዘይት የነካው ቺንጋ ታጥቦ አይመለስም፣ ሳሙና መቀባትም ጩኸቱን ለአንድ ቀን ብቻ ይደብቃል።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሽታው ካለ ማርሚታው ሥር ይመልከቱ። ከመንገድ የተነሳ ፌስታል ጋለው ብረት ላይ ቀልጦ ለቀናት ይሸታል፤ ሲቀዘቅዝ በእንጨት ይፋቃል። ለሳምንታት በቆመ መኪና አይጥ ሞተሩ ላይ ጎጆ ሠርታ፣ ሽቦም በልታ ሊሆን ይችላል፤ ሳያስነሱ ኮፈኑን ከፍተው ይዩ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናውን ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሰርቦ ከተማ ነድተው ይመለሱ። ቀደም ሲል የፈሰሰ ዘይት ለሁለት ሦስት ቀን መሽተቱ ይጠበቃል። ሲመለሱ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ጥቁር ጠብታ ዘይት ነው፣ ቀለም ያለው ውሃ ኩላንት፣ ቀይ የካምቢዮ ዘይት። ኤሲ ከበራ ከታች የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ብልሽት አይደለም።